ስነዳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሙዚቃ ይረዳኛል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት አልፎኛል። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ እነዳለሁ። መገናኛ ስደርስ ትከሻዬ ድርቅ ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ክላክስ ሲደረግብኝ ደግሞ እንባዬ ይመጣል። ሙዚቃ ስከፍት አንዳንዴ ይሻለኛል፣ አንዳንዴ ይብስብኛል። ባለቤቴ ‹የሚነዳ ሰው ሙዚቃ አይሰማም፣ ዝጊው› ይለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሞቅ ያለ ዘፈን ካልከፈተ መንዳት አይችልም። ማን ነው ልክ? የሚያረጋጋውስ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ቀልቤን የሳበው «አንዳንዴ ይሻለኛል፣ አንዳንዴ ይብስብኛል» ያልሽው ነው። ያው ሰው፣ ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ውጤቱ ግን የተለያየ። ለምን እንደሆነ ከገባሽ ምን እንደምትከፍቺና መቼ እንደምትዘጊ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። መልሴን ግን ከወዲሁ ልንገርሽ። መሪ ይዘሽ የሚያረጋጋሽ ሙዚቃ አብዝተሽ የምትወጂው አይደለም። መከፈቱን እንኳ የምትረሺው ነው።

መጀመሪያ መገናኛ ላይ ምን እንደምትሆኚ እንይ። ከግራ ሚኒባስ ይገባብሻል፣ ከቀኝ ሞተር ሳይክል ይሾልካል፣ ዜብራው አጠገቡ እያለ እግረኛው መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። አእምሮሽ ይህን ሁሉ አደጋ ብሎ ይይዘዋል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሰውነት እንዲህ የሚዘጋጀው ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው። አንቺ ግን ቀበቶ አስረሽ ተቀምጠሻል፣ የትም አትሮጪም። የተዘጋጀው ጉልበት መውጫ ሲያጣ እጅሽን ያንቀጠቅጣል፣ ትከሻሽን ያደርቃል። ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው። ሰው ሲወጠር እይታው ይጠባል። የፊተኛውን መኪና የፍሬን መብራት ትኩር ብለሽ እያየሽ ከጎን የሚመጣውን ሳታዪው ትቀሪያለሽ። ስለዚህ ጭንቀትሽን መቀነስ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባልደረባሽ ለምን ሞቅ ያለ ዘፈን ከፍቶ እንደሚነዳም እዚሁ ላይ ልመልስልሽ። ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1908 አይጦችን ጥቁርና ነጭ መግቢያ እንዲለዩ ያሠለጥኑ ነበር። አይጧ ስትሳሳት ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኛታል። ያዩት ነገር ይኼ ነው፦ መለየቱ ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለ ንዝረት ቶሎ እንዲማሩ ያደርጋቸዋል፣ መለየቱ ሲከብድ ግን ጠንካራው ንዝረት ያበላሻቸዋል፣ ለዘብ ያለው ይሻላቸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ሐሳቡ ለአሽከርካሪ ልክክ ይላል። ለዓመታት የነዳ ሰው ባዶውን የአዳማ የፍጥነት መንገድ ሲይዝ ሥራው በጣም ቀላል ነው፣ እንዲያውም ይሰለቻል፣ ትንሽ ማነቃቂያ ቢያገኝ ይጠቅመዋል። አንድ ዓመት የነዳሽው አንቺ ጠዋት መገናኛ ላይ ስትደርሺ ሥራው ከባድ ነው፣ መነቃቃቱም ከበቂ በላይ አለ። ለእሱ የሚሆነው ዘፈን አንቺ ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። እሱም ቢሆን ያንኑ ዘፈን ከፍቶ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ጥሩ ይነዳል ማለቴ አይደለም።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ሉቺያኖ በርናርዲ የሚባል የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ጣሊያናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጥናት አወጣ። 24 ሰዎች፣ ግማሾቹ ሙዚቀኞች፣ ስድስት ዓይነት ሙዚቃ እየሰሙ ትንፋሻቸው፣ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ተለካ። ምቱ ሲፈጥን ሦስቱም ጨመሩ። ሰውየው ያን ሙዚቃ ይውደደው አይውደደው ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፣ ዋናው ፍጥነቱ ነበር። ይህንን ያዢልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «የምወደው ዘፈን ነው፣ ያዝናናኛል» ይላል። ልብሽ ግን ምርጫሽን አይጠይቅም፣ ከበሮውን ይከተላል። በመሀል ደግሞ አጥኚዎቹ ሙዚቃውን ለሁለት ደቂቃ ያቋርጡታል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልብና ትንፋሽ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበሩበትም በታች ወረዱ። ዝምታው ራሱ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መንዳት ላይ በቀጥታ የተሠራም አለ። ዋረን ብሮድስኪ በእስራኤል፣ በቤርሼባ ባለው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ሥነ ልቦና አጥኚ ነው። መጀመሪያ ሰዎችን በመንዳት መለማመጃ ማሽን ላይ አስቀምጦ ቀስ ያለ፣ መካከለኛና ፈጣን ሙዚቃ አሰማቸው። ፈጣኑን የሰሙት ፍጥነት ጨመሩ፣ ቀይ መብራት መጣስና መስመር መልቀቅም በዛባቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 በእውነተኛ መንገድ ላይ ሞከረው። 85 አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ወጣቶች አጠገባቸው ሌላ ሰው ተቀምጦ እያንዳንዳቸው ስድስት ጊዜ ነዱ። አንዳንዴ የራሳቸውን ምርጫ ዘፈን፣ አንዳንዴ ለዚሁ ተብሎ የተቀናበረ ለስላሳ ሙዚቃ፣ አንዳንዴ ያለ ሙዚቃ። ከመቶ 98ቱ ቢያንስ በአንዱ ጉዞ ላይ በአማካይ ሦስት ጥፋት ፈጸሙ። ከሦስቱ አንድ የሚሆኑትን አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ጮኾ ማስጠንቀቅ ነበረበት፣ ከአምስቱ አንዱ ላይ ደግሞ መሪ ወይም ፍሬን መንካት ግድ ሆነበት። የባሰው የራሳቸውን ዘፈን ሲሰሙ ነው። ለስላሳው ሙዚቃ ሲከፈት ጥፋቱ ቀነሰ። ደስ ያላቸው ግን በራሳቸው ዘፈን ነበር። ነገሩን ተንኮለኛ የሚያደርገው ይኼ ነው፤ ጥሩ እየተሰማሽ መጥፎ ልትነጂ ትችያለሽ።

እዚህ ላይ ባቆም ባለቤትሽ ደስ ይለው ነበር። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ካናዳ፣ ቶሮንቶ በሚገኘው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ እነ ዴቪድ ዊሰንታል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሥራ፣ ወደ ሥራ የሚመላለሱ ሰዎች ግማሾቹ የመረጡትን ሙዚቃ ከፍተው፣ ግማሾቹ ሳይከፍቱ እየነዱ ምን ያህል እንደተጨነቁ ተጠየቁ። መንገዱ ክፍት ሲሆን ልዩነት አልታየም። መንገዱ ሲጨናነቅ ግን ሙዚቃ የሰሙት ጭንቀታቸው ያነሰ ነበር። የሚገርም አይደለም። የቆመ ሰልፍ ውስጥ ዋናው ጠላት አደጋ ሳይሆን «ረፈደብኝ» የሚለው የራስሽ ሐሳብ ነው። ሙዚቃው ሐሳቡን ሌላ ቦታ ይይዝልሻል።

አንድ የብራዚል ጥናትም በየማኅበራዊ ሚዲያው «ሳይንስ አረጋገጠ» እየተባለ ሲዞር አይተሽ ይሆናል። እንደ አንቺ ብዙ ያልነዱ ወጣት ሴቶች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ጭንቅንቅ ውስጥ 20 ደቂቃ ሲነዱ፣ ያለ ቃል ሙዚቃ የልብ ውጥረታቸውን ቀነሰላቸው ይላል። ውሸት አይደለም። ግን የተጠኑት ሴቶች አምስት ናቸው። አምስት! ደስ ይላል ብለሽ እለፊው፣ ሕይወትሽን አትመሥርቺበት።

እንግዲህ አንድ ላይ ስናየው፦ ሙዚቃ ቆመሽ ስትጠብቂ ይጠቅምሻል፣ አእምሮሽ ሙሉ በሙሉ በሚፈለግበት ቦታ ይሻማሻል። «አንዳንዴ ይሻለኛል» ያልሽው ሲኤምሲ ላይ ሰልፍ ውስጥ ስትቆሚ መሆን አለበት። «ይብስብኛል» ያልሽው ደግሞ አደባባይ ውስጥ ስትገቢ። ገምቼ ነው፣ ነገ ጠዋት ልብ ብለሽ እዪው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ከኛ ሙዚቃ ውስጥ ምን ይሁን? የውጭ ጽሑፎች «ክላሲካል ስሙ» ብለው ያልፋሉ። ላልለመደው ሰው ክላሲካል ራሱ ጭንቀት ነው፣ አንዱ ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ይጮኻል። የሠርግ ዘፈን፣ የጉራጌና የወላይታ ምት፣ ትከሻ የሚያስነሳ ችክችካ ከነጭራሹ ይቅር፣ እሱ ለቅዳሜ ነው። ትዝታ ደግሞ ያታልላል። ቀስ ያለ ስለሆነ የሚያረጋጋ ይመስላል። ግን ትዝታ ሥራው ሰውን ከተቀመጠበት አንስቶ መውሰድ ነው። እናቷን በቅርብ የቀበረች ሴት ትዝታ ከፍታ ጉርድ ሾላን ስታልፍ ዓይኗ መንገዱ ላይ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። አንቺ ደግሞ ክላክስ ብቻ እንባሽን የሚያመጣው ሰው ነሽ። ለቤትሽ ሶፋ አስቀምጪው።

እኔ የምመርጥልሽ ያለ ቃል የሆነውን ነው። ረጋ ያለ ክራር፣ ዋሽንት፣ ፒያኖ፣ ለስለስ ያለው የኢትዮ ጃዝ። ቃል ሲኖር አእምሮ መከተል አይተውም፣ በተለይ ግጥሙ ቅኔ ካለው። ድምፁ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚፈስ፣ ድንገት የማይጮኽ፣ ድንገት የማይቆም ይሁን። አንድ አልበም መርጠሽ እሱኑ በየቀኑ ድገሚው። ይሰለቸኛል ትይኛለሽ። ይሰልችሽ፣ የምንፈልገው እሱን ነው። የተሰለቸ ሙዚቃ ትኩረት አይወስድም።

ስለ መዝሙር ሳልጠየቅ የቀረሁበት ቀን የለም። ብዙ ሰው በመዝሙር፣ ሌላው በቁርኣን ቅሪአት ወይም በመንዙማ ይረጋጋል፣ ያመነበት ነገር ስለሆነ ከማንኛውም ክራር በላይ ሊሠራለት ይችላል። መለኪያው ግን ያው ነው። ዓይን የሚያስጨፍን፣ እጅ የሚያስዘረጋ፣ ስቅስቅ የሚያስብል ከሆነ መሪ ለያዘ ሰው አይሆንም። ድቤው የሚሞቅ መንዙማም እንደዚያው። በገና ለብዙዎች ግሩም ነው፣ ያ ወፍራም፣ የሚርገበገብ ድምፅ ትንፋሽን ራሱ ያወርዳል። በጾም፣ ሆድሽ ባዶ ሆኖ፣ ከሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍ እንዳይጥልሽ ተጠንቀቂ።

እንቅልፍ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር። ሙዚቃ እንቅልፍን አያባርርም። እንግሊዝ አገር የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሬዲዮ መክፈትንና መስኮት አውርዶ ቀዝቃዛ አየር ማስገባትን ፈትሸው ነበር። ሁለቱም ለጥቂት ደቂቃ ትንሽ ይረዳሉ፣ ከዚያ በኋላ የሉም። የሠራው ቡናና አጭር ሸለብታ ነው። ማታ ደክሞሽ ስትመለሺ ዓይንሽ ከከበደ ድምፅ አትጨምሪ፣ ዳር ይዘሽ ቁሚ።

ሬዲዮስ? የመንገድ መረጃውን ስሚ፣ ከዚያ ዝጊው። የኳስ ክርክርና የፖለቲካ ወሬ ከአንቺ ጋር የማይገናኝ ሰው ጠብ መኪናሽ ውስጥ ያስገባልሻል።

ድምፁ ምን ያህል ይሁን ላልሽው (አላልሽም፣ ግን ማለት ነበረብሽ) ቀላል መለኪያ አለኝ። ፍሬቻ አብሪ። ጠቅ ጠቅ የሚለው ካልተሰማሽ በዝቷል። አምቡላንስም፣ የሞተር ሳይክሉም ድምፅ፣ «ወራጅ አለ» ብሎ በድንገት ሚኒባስ የሚያስቆመው ረዳትም ሊሰሙሽ ይገባል። ለአንቺ ድምፅ የሚደርስሽ መረጃ ነው፣ በተለይ በስፖኪዮ የማይታየው ነገር።

አሁን ቅድም ያልኩሽ ዝምታ። ከቤት ስትወጪ፣ ሞተር ከማስነሳትሽ በፊት ሙዚቃውን ክፈቺ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ በይ። ትከሻሽን ወደ ላይ ሰብስበሽ ልቀቂው፣ ከምትስቢው ይልቅ የምታስወጪውን ትንፋሽ አርዝሚ። ከአያት እስከ ሲኤምሲ፣ በሰልፉ ውስጥ፣ ይጫወት። ጉርድ ሾላን ስታልፊ ዝጊው። መገናኛን በዝምታ እለፊ። በዚያች ዝምታ ሰውነትሽ ትንሽ ይወርዳል፣ ጆሮሽም ሙሉ ለሙሉ የመንገዱ ይሆናል። አደባባዩን ከለቀቅሽ በኋላ፣ መንገዱ ሲረጋጋልሽ መልሰሽ ክፈቺው። ኡራኤል አካባቢ ደግሞ እንዳየሽው። ሜክሲኮ ስትቃረቢ እንደገና ዝጊ። መክፈትና መዝጋቱ ሳታዪ በእጅሽ በምታገኚው ቁልፍ ይሁን። የመኪናሽ ቴፕ መሪው ላይ ቁልፍ ከሌለው የድምፁን መቀነሻ ቆመሽ ተለማመጂው።

ስልክሽን ግን አትንኪ። ዘፈን ለመቀየር ስክሪን መንካት ከየትኛውም ፈጣን ዘፈን ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሲነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከማይጠቀመው አራት እጥፍ ገደማ ነው። ያንን አልበም ፍላሽ ላይ ጫኚው፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። በብሉቱዝ ከሆነም ከግቢ ሳትወጪ አስተካክለሽ ውጪ።

አንዳንዴ ሌላ ነገር ከፍተሽ መንገዱ በድንገት ሊከብድሽ ይችላል። ያኔ «ዘፈኑ ይለቅና» አትበይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሆላንዳዊቷ ማርያን ፋን ደር ዝዋግና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ መንዳቱ ሲከብድ ሙዚቃውን ከሞቅታ ወደ እርጋታ በአንዴ መቀየር ቀስ በቀስ ከመቀየር ይልቅ ቶሎ አረጋግቷል። ስለዚህ በአንዴ ዝጊው ወይም በአንዴ ቀይሪው።

አብሮ መዝፈንስ? ሰልፍ ውስጥ ቆመሽ ከሆነ ዝፈኚ፣ እሰየው። የሚዘፍን ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ያረዝማል፣ ለዚያ ነው የሚያቀልለው። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን አቁሚው። ቃል ማስታወስና መንገድ ማንበብ አንድ ጭንቅላት ነው የሚሻሙት።

የክላክሱን ነገር ሙዚቃ አይፈታልሽም፣ እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ ክላክስ ስትሰሚ የምትሰሚው «አትችይም» የሚል ስድብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ክላክስ ብዙ ነገር ነው። ታክሲው ተሳፋሪ ይጠራበታል፣ «በጎንሽ እያለፍኩ ነው» ይላል፣ ጓደኛውን ሰላም ይላል። መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን የሚጀምርም አለ። አብዛኛው አንቺን አያውቅሽም። እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ያንኑ ሙዚቃ ከፍተሽ፣ ያንኑ መንገድ እስከ ሜክሲኮ ደርሰሽ ተመለሺ። ጉርድ ሾላ ላይ መዝጋቱንም አትርሺ። ለተወሰኑ እሑዶች ደጋግሚው። ሰውነትሽ ያን ቦታና ያን ሙዚቃ ከእርጋታ ጋር ማያያዝ ይጀምራል፣ ሰኞ ላይ የሚመጣው ከባዶ አይሆንም። ዘፈን ከመምረጥ ይልቅ ይህ ልምምድ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ፣ ሰው ግን ቀላሉን ይመርጣል።

እየነዳሽ እጅሽ በኃይል ከተንቀጠቀጠ ወይም ዓይንሽ በእንባ ከተሞላ ግን ሙዚቃ አትፈልጊ። አራቱንም ፍሬቻ አብርተሽ፣ ቦታ መርጠሽ ዳር ያዢ። ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ የነገውን መንዳት ስታስቢ ልብሽ የሚመታ ከሆነ፣ መንገድ መቀየርና ሰበብ ፈልጎ መኪና ማቆም ከጀመርሽ፣ ወይም ይህ ሁሉ ከአንድ አደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ በአካል ባለሙያ እዪ። ለእሱ ሕክምና አለው፣ ረጅምም አይደለም።

ስለ ባለቤትሽ ደግሞ፦ ከጎንሽ ተቀምጦ «ዝጊው!» ብሎ መጮኹ ከሙዚቃው በላይ እንደሚያስጨንቅ በደህና ቀን፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ንገሪው። አብሮሽ ሲሄድ ሥራ ስጪው፣ ቴፑ በእሱ እጅ ይሁን። መክፈትና መዝጋቱን አንቺ ስታዢው እሱ ያድርግ። መገናኛ ላይ ግን እሱም ዝም ይበል።